ማዶን የሚያዩና ማዶን የሚጠሩ

የከተማችንን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁም አይጠቅማችሁም፤ እኛ ራሳችን «እዚህ» ነበር የምንላት። ከገደሉ ወዲያ ያለችውን መንደር ደግሞ «ማዶ» እንላታለን። በእዚህና በማዶ መካከል ያለው ገደል ሥሩ አይታይም፤ ወንዙ ሲያጉረመርም ብቻ ይሰማል። ማዶ በገደሉ ወገብ ላይ እንደ መደርደሪያ በወጣች ጠባብ መሬት ላይ የተቀመጠች የሠላሳ ጎጆ መንደር ነበረች። ከራሷ በላይ ቀጥ ያለ አፋፍ፣ ከእግሯ በታች ቀጥ ያለ ገደል። ከእኛ ጋር የሚያገናኛት አንድ ወፍራም ገመድና በገመዱ ላይ የሚንሸራተት አንድ ቅርጫት ብቻ ነው። በቅርጫቱ ጨው ይሄዳል፣ ምስር ይመጣል። ድሮ ሰውም ይሄድበት ነበር፤ ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት ግን «ቅርጫቱ የምስር ነው» የሚል ሕግ ወጣና ሰው ቀረ።

እኔ የማዶ ጽሕፈት ቤት በረኛ ነበርኩ። ውቤ እባላለሁ። ሥራዬ ሁለት በር መክፈትና ሁለት በር መዝጋት ነው። በቀኝ የዓይነኞች መዝገብ ቤት፣ በግራ የጥሪኞች መዝገብ ቤት። ማዶን ሳይረግጡ ማወቅ የእነዚህ የሁለቱ ሙያ ነበርና ስለ እነሱ ሳልነግራችሁ ወደፊት ብሄድ ግራ ትጋባላችሁ።

ዓይነኛ ማለት አፋፉ ጫፍ ላይ በድንጋይ ወንበር ተቀምጦ ማዶን የሚያይ ሰው ነው። ከራሱ ምንም አይልክም። ፀሐይ ብርሃኗን ማዶ ላይ ታፈሳለች፣ ማዶ ከደረሳት ከፍላ ወደ እኛ ትመልሳለች፣ ዓይነኛውም የመጣለትን ይቀበላል። ስለዚህ ቀለም ያውቃል። ገብሱ ጠግቦ ይሁን ተጠምቶ፣ መሬቱ ደርቆ ይሁን ረስርሶ፣ ከተቀመጠበት ሳይነሣ ይነግራችኋል። ፀሐይ ስትጠልቅና ጉም ሲወርድ ግን በዓይነኛውና በተቀመጠበት ድንጋይ መካከል ልዩነት የለም።

ጥሪኛ የፀሐይን ደጅ አይጠናም፤ የራሱን ይዞ ነው የሚመጣ። ረጅም ቀንድ አፉ ላይ ደግኖ «ሆ!» ይላል። ድምፁ ሄዶ፣ ማዶን መትቶ፣ የገደል ማሚቶ ሆኖ እስኪመለስ ድረስ ጉልበቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ከበሮ በጣቱ ቶሎ ቶሎ ይመታል፤ ስንት እንደመታ ይጽፋል። ጉም ቢሆን ጨለማ ቢሆን ግድ የለውም። ምን ያህል እንደሚርቅ፣ የቱ ጋ እንደጎበጠና የቱ ጋ እንደሰረጎደ ልቅም አድርጎ ያውቃል። ድምፁ የነካው ነገር አረንጓዴ ይሁን ቀይ፣ የጠገበ ይሁን የተራበ ግን አያውቅም። ደግሞም ሲጮህ ውሎ ለሚስቱ የሚተርፍ ድምፅ ይዞ አይገባም። የጥሪኞች ሚስቶች ይህን አንድ ጊዜ በጽሑፍ አመልክተው፣ «ባሎቻችሁ እንደ ዓይነኛ ይመልከቷችሁ» የሚል መልስ ተሰጥቷቸዋል።

ሁለቱ ሙያዎች ይናናቃሉ። ጥሪኞቹ ዓይነኞቹን «የፀሐይ ለማኞች» ይሏቸዋል፤ ዓይነኞቹ ጥሪኞቹን «ጯሂዎች»። መነጋገርም ክልክል ነው። መዝገቦቻቸው በአንድ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጡም፤ ድሮ አንድ ጊዜ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳይስማሙ በመቅረታቸው የዚያን ጊዜው ሹም በእፍረት ሞተ ይባላል። እኔ እንኳ ከቀኙ ክፍል ወደ ግራው ስሻገር እጄን መታጠብ ነበረብኝ። ታጥቤአለሁ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት።

አሁን ወደ ይርገዱ ልምጣ። ይርገዱ ዓይነኛ ናት፤ ከሁሉም ዓይነኛ የምትበልጥ። በወጣትነቷ አንዲት ታናሽ እህቷ፣ ማንአህሎሽ የምትባል፣ ማዶ ተዳረች። ከዚያ ሕጉ ወጣ፤ ቅርጫቱ የምስር ሆነ። ይርገዱ ሁለት ዓመት አለቀሰች። ሦስተኛው ዓመት ላይ እንባዋን ጠርጋ መጥታ ለዓይነኝነት አመለከተች። ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም፤ እኛ ዘንድ ሰው ለምን እንደሚያይ አይጠየቅም።

ዓይነኛ ሲቀጠር ይምላል፤ «ዓይን ይቀበላል እንጂ አይሰጥም» ብሎ። ወደ ማዶ እጅ አያውለበልብም፣ መብራት አያሳይም፣ ድምፅ አያሰማም። የሚታይ ነገር መታየቱን ካወቀ ይግደረደራል፣ ሲግደረደርም እውነቱ ይበላሻል ተብሎ ነው። ይርገዱም ማለች። ከዚያም ሃያ ስድስት ዓመት በየጠዋቱ በሦስተኛዋ ጎጆ ደጃፍ የሚሰጣውን ቀይ ሻሽ አየች። መዝገቡ ሰው የሚጻፍበት ቦታ ስለሌለው «ቀይ፣ አንድ» ብላ ትጽፋለች። ጽሕፈት ቤቱ ይህን ቀይ ዓመቱን ሙሉ የሚያብብ አበባ ነው ብሎ ከአትክልት መድቦታል። እሷም አላረመችውም፤ አበባ ቢሏት ምን ቅር ይላታል?

በየዓመቱ ለሦስት ወር ጉም ይወርዳል። በዚያን ጊዜ ዓይነኞቹ የሚሞሉት ቅጽ ሁለት ምርጫ ብቻ ነበረው፤ «አለ» ወይም «የለም»። ጉም ነው የሚል ቦታ አልነበረውም። ስለዚህ እውነተኛ ሰዎች ናቸውና «የለም» ይላሉ። በዚህ ምክንያት ማዶ በየዓመቱ ለሦስት ወር በሕግ አትኖርም። ለሌለ አገር ደግሞ ጨው አይላክም። የማዶ ሰዎች ይህን አውቀው አስቀድመው ጨው ማጠራቀም ለምደው ነበር።

ያን ዓመት ጉሙ ሊወርድ አራት ቀን ሲቀረው ይርገዱ ከመንደሩ ራስ በላይ፣ በአፋፉ ላይ፣ የማታውቀው ነገር አየች። በአረንጓዴው ሣር መካከል ቀጭን ቢጫ መስመር፣ ከዳር እስከ ዳር። ከመስመሩ ሥር ፀሐይ ውሎበትም የማይደርቅ ጥቁር እድፍ። ሳታሳንስ ሳትጨምር ጻፈች። «ቢጫ፣ ቀጭን፣ ከዳር እስከ ዳር። ከሥሩ ጥቁር፣ የማይደርቅ።» ከዚያ ጉሙ ወረደና ማዶ የለም ሆነች።

በጉሙ በሁለተኛው ሳምንት፣ ጠዋት፣ አዋጅ ነጋሪው ከበሮውን እየመታ አለፈ። «ስሙ! ማዶ በሁለት ምት ቀረበችን! አርባ የነበረችው ሠላሳ ስምንት ገባች! ደስ ይበላችሁ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጫንያለው የሚባል አንጋፋ ጥሪኛ ቀንዱን ወደ ማዶ ራስ ቀና አድርጎ ሲጠራ ሁልጊዜ አርባ የሚመታው ሠላሳ ዘጠኝ ሆነበት። ደገመ፤ ሠላሳ ዘጠኝ። ከሳምንት በኋላ ሠላሳ ስምንት። ጻፈና አስገባ። መሥሪያ ቤቱን የሚመሩት ሊቀ ማዶ ፈረደ ሪፖርቱን አንብበው እንባቸው መጣ። ደግ ሰው ነበሩ፤ ክፋት የለባቸውም። «እኛ እስካሁን አልተንቀሳቀስንም፤ እሷ ግን ናፍቃን መጣች» አሉ። የመቅረብ ሳምንት እንዲከበር አዘዙ፣ በሬ እንዲታረድ አዘዙ። በዚያው ጠዋት፣ በዚያው ብዕር፣ ከቀኙ ክፍል ባመጣሁላቸው ወረቀት ላይ «ማዶ የለም» የሚለውንም ፈረሙ። ሁለቱንም ቀለም ያደረቅሁት እኔ ነኝ።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ከተማው ሲጨፍር ይርገዱ ወደ እኔ መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«አያ ውቤ፣ የቀረበው የቱ ነው?» አለችኝ። «ማዶ ሁለመናዋ ነው ወይስ ራሷ ብቻ?»

«እኔ ምን አውቄ እቴ። የግራው ክፍል ነገር ነው።»

«የግራውን በር ክፈትልኝ።»

«እንጀራዬን ልትዘጊው ነው?»

«እህቴ ከሥሩ ናት» አለች።

በሩን አልከፈትኩላትም፤ ፈሪ ነኝ። ያደረግሁት ሌላ ነው። ገብቼ የግራውን መዝገብ አወጣሁ፤ እጄን ሳልታጠብ ገብቼ የቀኙንም አወጣሁ፤ ሁለቱን እኔ ምሳ የምበላባት ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አኖርኳቸውና ጣሪያው እስኪወርድብኝ ጠበቅሁ። አልወረደም። የግራው «ላይኛው አፋፍ ሠላሳ ስምንት፤ ከሥሩ አርባ» ይላል። የቀኙ «ቢጫ፣ ከዳር እስከ ዳር» ይላል። እያንዳንዱን ለብቻው አሥር ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ምንም አልነገረኝም ነበር። አንድ ላይ ሳነባቸው ይርገዱን ጠርቼ አሳየኋት።

«ቢጫው ስንጥቅ ነው» አለች ይርገዱ። «ሥሩ ተቆርጦ ነው ሣሩ ቢጫ የሆነው። ጥቁሩ ውሃ ነው፣ ውስጥ ለውስጥ እየገባ። አፋፉ ራሱን እየደፋባቸው ነው አያ ውቤ።»

ወደ ሊቀ ማዶ ገባች፤ እኔም ከኋላዋ። እሳቸው ለበዓሉ የሚለብሱትን ካባ እየለኩ ነበር። አዳመጧት፤ ማዳመጥ ያውቁበታል።

«ይርገዱ ልጄ፣ ጭንቀትሽ ገብቶኛል» አሉ። «ነገር ግን በዓይነኞች መዝገብ ማዶ ለጊዜው የለችም። ለሌለ አገር ማስጠንቀቂያ በምን አድራሻ ይጻፋል? በጥሪኞች መዝገብ ደግሞ እየቀረበች ነው። የሚቀርብ ነገር ይደርሳል እንጂ ይወድቃል ሲባል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«ጌታዬ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲነበቡ ...»

«አንድ ላይ ማን አነበባቸው?» አሉና ቀና አሉ።

እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ይርገዱ እኔን ዞር ብላ ሳታይ «እኔ ነኝ» አለች። ያን ቀን የተሰማኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ሊቀ ማዶም ጉሙ ሲገለጥ ጉዳዩን የሚያጣራ ጉባኤ እንደሚያቋቁሙ ቃል ገብተው በደግነት አሰናበቱን። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም አልኩ፤ በሆዴ ነው ታዲያ።

በማግስቱ ጠዋት ይርገዱ ወደ ጥሪኞች ቋጥኝ ወጣች። ዓይነኛ እዚያ ረግጦ አያውቅም። ጫንያለው ቀንዱን አቅፎ ተቀምጧል። ሠላሳ ዓመት የጮኸ ጉሮሮው እንደ ተሰነጠቀ ማሰሮ ነው።

«ዓይነኛ እዚህ ምን ትሠራለች?» አላት። «ዝምታሽ ማሚቶዬን ይበላዋል፤ ወዲያ በይ።»

«አያ ጫንያለው፣ ሠላሳ ስምንቱ ፍቅር አይደለም።»

ነገረችው። ቢጫውን ነገረችው፣ ጥቁሩን ነገረችው። ሲሰማት ጣቶቹ ከበሮዋ ላይ ቆሙ።

«እኔ ቁጥር ነው የሰጠኋቸው» አለ ቀስ ብሎ። «ፍቅር ነው ያሉት እነሱ ናቸው። እኔ ምን እንደሆነ በምን አውቃለሁ? እዚያ ... እዚያ ሰው አለ እንዴ?»

«ሰማንያ ሦስት። ጉሙ ሊወርድ ሲል አንድ ሕፃን ተጨምሯል፤ ነጭ ጨርቅ ሲሰጣ አይቻለሁ።»

ጫንያለው ራሱን ያዘ። «ሠላሳ ዓመት ስጮህባቸው? ቋጥኝ መስሎኝ እኮ ነው!»

የጥሪኞች ሕግ ከ«ሆ» በቀር ሌላ ቃል አይፈቅድም። ቃል ረዥምና አጭር አለውና ምቱን ያዛባል። የማዶ ሰዎችም ቆጠራው እንዳይበላሽ ሲጠሩ እንዳይመልሱ ታዘው ነበር። በዚህ ዓይነት ስንት ዓመት ሙሉ እየተጠሩ ማንም ምንም ብሏቸው አያውቅም፤ እነሱም ማንንም «አቤት» ብለው አያውቁም።

«ጥራልኝ» አለችው። «ውጡ በላቸው።»

ጫንያለው ቀንዱን አነሣ፤ ደረቱን ሞላ። የወጣው «ሆ!» ነው። ደገመ፤ «ሆ!»። ሠላሳ ዓመት አንድ ነገር ብቻ ያለ ጉሮሮ ሌላ አልታዘዝ አለው። ላቡ ወረደ። ከዚያ ቀንዱን ወደ እሷ ዘረጋ።

ይርገዱ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ያን ቀንድ ከመቀበል ገደሉን መዝለል ይቀላት ነበር። የማለችው መሐላ ለሷ ቀልድ አልነበረም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ለዓይኗ የመጣላትን ብቻ ስትቀበል ኖራለች፤ ወደዚያ ማዶ አንዲት ነገር ከራሷ ልካ አታውቅም። ቢሆንም ተቀበለችው።

«ትንሽ ዝቅ አድርጊው፣ ወደ ጎጆዎቹ» አላት ጫንያለው። «አንዴ ጥሪና ጠብቂ። ደራርበሽ አትጩሂ፤ ማሚቶው ይጣላል።»

«ማንአህሎሽ!» ብላ ጮኸች።

ያልተነካ ድምፅ ነበር። በአርባኛው ምት የራሷ ድምፅ ተመልሶ መጣላት፤ «... ህሎሽ!»። ከዚያ ዝም። ጉሙ ዝም፤ ወንዙ እንኳ ዝም ያለ መሰላት።

«የለችም» አለች።

«ቆይ እንጂ» አለ ጫንያለው። «ገደል አያስብም፤ ቶሎ ነው የሚመልስ። ሰው ያስባል።»

አሰበች። ከዚያም ከጉሙ ውስጥ ቀጭን የሴት ድምፅ መጣ። «ማነው ስሜን የጠራ?»

ይርገዱ ማልቀስ አማራት፤ ለማልቀስ ግን ጊዜ የለም። አፋፉ ሊደረመስ መሆኑን፣ ሰዉ ሁሉ ወደ ገመዱ እንዲወርድ፣ ቅርጫት እንደሚላክላቸው ነገረቻቸው፤ እያንዳንዷን ቃል ልካ፣ ማሚቶውን አሳልፋ፣ መልሱን ተቀብላ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው። ጫንያለው ወደ እኔ እየሮጠ መጣ፤ እኔም ወደ ገመድ ሳቢዎቹ።

ገመድ ሳቢዎቹ ሕግ አክባሪዎች ናቸው። «ቅርጫቱ የምስር ነው፤ ሰው ምስር ነው እንዴ?» አሉኝ። ትናንት ያላልኩት «እኔ ነኝ» አንገቴ ላይ ተሰክቶ ነበርና «አዎ፣ ምስር ነው፤ ብጠየቅ እኔ ነኝ ያልኳችሁ» አልኩ። እያንዳንዱ ሲደርስ «ምስር፣ አንድ ጆንያ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ለእናትና ለሕፃኗ «አንድ ጆንያ ከትርፉ»። ሦስት ሦስት እየሆኑ ከጉሙ ውስጥ ይወጣሉ፤ ሽማግሌ፣ ነፍሰ ጡር፣ ፍየል ያቀፈች ልጅ። ወደ አደባባዩ ይሄዳሉ። እዚያ የመቅረብ ሳምንት ሦስተኛ ቀን ነውና ከበሮ ይመታል፣ ሥጋ ይታደላል። ሊቀ ማዶ የማያውቁት ሰው ብዛት አስደስቷቸው በገዛ እጃቸው ያጎርሷቸው ነበር። ከየት መጣችሁ ያላቸው ግን የለም።

ማንአህሎሽ ሰዉን በቅርጫት እያሳፈረች እዚያው ቀረች። ይርገዱ «ነይ እንጂ!» ስትላት፣ «አማቴ አልወጣም ብለዋል፣ እሳቸውን ሳልይዝ አልመጣም!» ትላለች። ከቀትር በኋላ የማንአህሎሽ ድምፅ ጠፋ። ይርገዱ በቋጥኙ ላይ ብቻዋን ጠራች፤ መልስ የለም። ደግማ ልትጠራ ስትል ምድር ተንቀጠቀጠ።

የዚያን ድምፅ ነገር አልገልጸውም። አደባባዩ ላይ ከበሮው ቆመ። ገመዳችን እንደ ሞተ እባብ ረገበ። ጫንያለው ወደ ቋጥኙ ተመልሶ ሲደርስ ይርገዱ ቀንዱን ይዛ ትጮሃለች፤ «ማንአህሎሽ!» ማሚቶው በአርባ አልመጣም። በአርባ አምስት መጣ። ሊቀ ማዶ በኋላ ይህን ቁጥር ሲያዩ «በዓሉ ስላለቀ ወደ ቦታዋ ተመለሰች» ብለው ጽፈውበታል። እሷ ግን ጥሪኛ አይደለችም፣ ቁጥሩ ምኗም አይደል። ደግማ ጠራች። ደግማ። ድምፅዋ ተሰንጥቆ የጫንያለውን እስኪመስል ድረስ ጠራች፤ ከማሚቶው ወዲያ የመጣ ነገር የለም።

እኔ በዚያን ጊዜ ዳገቱን አንዲት ሴትዮ እየመራሁ በመውጣት ላይ ነበርኩ። ጉልበቷ ተልጧል፣ ሻሿ ወልቆ ፀጉሯ ሸብቷል። አማቷን በጀርባዋ አዝላ በመጨረሻው ቅርጫት የገባች ናት። መሬት እንደረገጠች አሮጊቷን ለሰው አስረክባ «የምትጠራኝ የት ናት?» ብቻ ነበር ያለችኝ።

ቋጥኙ ላይ ስንደርስ ይርገዱ ጀርባዋን ሰጥታን ወደ ባዶው ጉም ትጮሃለች።

«ምን ያስጮህሻል፣ ከኋላሽ ነኝ» አለቻት ማንአህሎሽ።

ይርገዱ ዞረች። ቀንዱ ከእጇ ወደቀ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት ቀይ ነጥብ ስታይ የኖረች ሴት ፊት አየች፤ የተጨማደደ፣ ጥርሱ የጎደለ፣ የራሷን የሚመስል። ተቃቅፈው እስኪበቃቸው አለቀሱ። ጫንያለው ፊቱን አዞረ፤ እኔ አላዞርኩም።

ከዚያ ማንአህሎሽ ተላቀቀችና፣ «መቼ መጣሽ እዚህ?» አለቻት።

«እዚሁ ነበርኩ» አለች ይርገዱ በተሰነጠቀው ድምፅዋ። «በየቀኑ አይሽ ነበር። ስትወልጂ አውቃለሁ፣ ባልሽ ሲሞት አውቃለሁ። አንድም ቀን አላመለጥሽኝም።»

ማንአህሎሽ ቋጥኙ ላይ ተቀመጠች።

«እኔ እኮ» አለች፣ «ሞተች ብዬ ተዝካርሽን አውጥቻለሁ።»